የሚነክስ ፔዳል ወይስ ጠፍጣፋ?

አስጀማሪው (ደብረ ብርሃን)፦ ሰላም ቤተሰብ። ለልጆቹ በተራ የምናውሳቸው ስድስቱ የተራራ ብስክሌቶች ፔዳላቸው አልቋል። ፕላስቲክ ነበሩ። ሁለቱ ተሰንጥቀዋል፣ የቀሩት ሲዞሩ ይንጫጫሉ። የተዋጣው ብር ለአንድ ግዢ ብቻ ነው የሚበቃው። ግማሻችሁ ጫማ የሚነክሰውን፣ ክሊፕለስ የሚሉትን እንግዛ ትላላችሁ። ግማሻችሁ ደግሞ ጠፍጣፋ ብረት ይበቃል። ብሩ የሁላችንም ስለሆነ እዚሁ ተከራክረን እንጨርስ። የእኔ ጥያቄ የትኛው ክረምታችንን ይችላል ነው።

የጠባሴው፦ የሚነክሰው! ምን ጥያቄ አለው? ከጣርማ በር አናት ወደ ደብረ ሲና ጎን በድንጋዩ ስትወርድ ብስክሌቱ ይዘላል፣ እግርህ ከጠፍጣፋው ይሾልካል። እኔ የጠባሴ ልጅ ነኝ፣ ጠባሳም አለኝ። ቅልጥሜን ያያችሁ ታውቃላችሁ።

መካኒኩ፦ መጀመሪያ ስሙን እናጥራ፣ ሰው እየተደናገረ ነው። ክሊፕለስ ማለት ክሊፕ የሌለው ማለት ነው፤ ጫማ አንቆ የሚይዘው ግን እሱ ራሱ ነው። ድሮ ፔዳል ላይ ጣት የሚገባበት የብረት ቅርጫትና ጠፍር ነበር። ክሊፕ የሚባለው ያ ነው፣ የቀረውም እሱ። እ.ኤ.አ. በ1984 ሉክ የሚባል የፈረንሳይ ፋብሪካ ከበረዶ ሸርተቴ ማሰሪያ ሐሳቡን ወስዶ ለአስፋልት ብስክሌት አወጣው። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ ሺማኖ የሚባለው የጃፓን ፋብሪካ ኤስፒዲ ያለውን የሚነክስ ፔዳል ለተራራ አመጣ። ኤስፒዲ ላይ የጫማው ብረት ትንሽ ነው፣ ሶሉ ውስጥ ገባ ብሎ በሁለት ብሎን ይታሰራል። ስለዚህ ወርዶ በእግር መሄድ ይቻላል።

አሁን ወደ ጥንካሬው። ፔዳልን የሚገድለው ድንጋይ ይመስላችኋል። ድንጋይ ይቧጭረዋል እንጂ አይገድለውም። የሚገድለው ውሃ ነው። ጭቃ ውሃ በፔርኖው፣ ፔዳሉ በሚዞርበት ዘንግ በኩል ገብቶ ግራሶውን ያጥባል፣ ከዚያ ኩሽኔታው ደርቆ ይበላል። እኔ ጋ የሚመጣው ፔዳል ሁሉ ውጪው ደህና ነው፣ ውስጡ ዝገት። ስለዚህ የምለው ቀላል ነው፤ ተከፍቶ የሚጸዳ ግዙ። ኤም 520 የሚባለው የሺማኖ ኤስፒዲ ጥንዱ 380 ግራም ገደማ ነው። ውድ ከሚባለው የሺማኖ ፔዳል፣ ከኤክስቲ የሚከብደው በ40 ግራም አካባቢ ነው፣ ይህ አንድ እንቁላል እንኳን አይሞላም። ውስጡ እንደ ድሮ ብስክሌት ልቅ ኳሶች ናቸው። ለፔርኖው የራሱ ትንሽ መፍቻ ይፈልጋል እንጂ ይከፈታል፣ ይታጠባል፣ ግራሶ ይቀየርለታል፣ ይመለሳል። በዓመት አንዴ ከክረምት በኋላ ይህን ያደረገ ሰው ፔዳሉን ለልጁ ያወርሳል።

የሣሲት ልጅ፦ ወንድሜ፣ መረሬን ረሳኸው? ሐምሌ ላይ ጥቁሩ አፈር ሲረጥብ ጎማው ራሱ አይዞርም። ብስክሌቱን ተሸክመህ ነው የምትሻገር። ያ የጫማ ብረት በጭቃ ተሞልቶ፣ ፔዳሉም ሞልቶ፣ ምኑን ምን ይነክሳል?

የጠባሴው፦ አራት ጎን ያለው አለ እኮ! የእንቁላል መምቻ የሚመስለው፣ ክራንክ ብራዘርስ የሚባል ፋብሪካ የሚሠራው። ሽቦ ብቻ ስለሆነ ጭቃው በመሃሉ ያልፋል።

መካኒኩ፦ ጭቃ ማሳለፉ እውነት ነው። ግን የጫማው ብረት ነሐስ ነው፣ ለስላሳ ነው። ኤስፒዲው ደረቅ ብረት ነው። የእኛ ልጆች ግማሹን መንገድ ድንጋይ ላይ በእግር ነው የሚሄዱት። ከሁለቱ የትኛው ቶሎ እንደሚያልቅ ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ስለ ጭቃው የመረሬውን ሰው እመክራለሁ፤ እንጨት ያዝ፣ ፈልቅቅ፣ ፔዳሉን ሁለቴ ርገጥ።

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔ ብስክሌት አልነዳም፣ ልጆቼ ናቸው። አንድ ነገር ልጠይቅ። ይህ ነገር ያለ ልዩ ጫማ አይሠራም አይደል? ስድስት ብስክሌት ነው ያለን፣ ልጆቹ ሃያ ናቸው። የአንዱ እግር 38፣ የአንዱ 44። ጫማውን ማን ይገዛል? ትንሹ ልጄ በረባሶ አድርጎ ነው የሚነዳው።

የጠባሴው፦ ሰልባጅ ተራ አንዳንዴ ይገኛል እኮ እትዬ። እኔ የእኔን እዚያ ነው ያገኘሁት።

የሁለት ልጆች እናት፦ አንተ አንድ ጫማ አገኘህ። እኔ ስለ ሃያ ነው የምጠይቀው።

የሣሲት ልጅ፦ በቃ፣ ተዘጋ።

ጡረተኛው፦ አልተዘጋም። በአንድ ጎን ጠፍጣፋ፣ በሌላው ጎን የሚነክስ ፔዳል አለ። ጫማ ያለውም የሌለውም ይነዳበታል። ለምን ትጣላላችሁ?

መካኒኩ፦ ጋሼ፣ አይቆጡኝና እሱን ነው የምጠላው። ሁልጊዜ የማይፈልጉት ጎን ነው ወደ ላይ የሚመጣው። ዳገት መሃል ጀምረው እግርዎን እያዩ ሲያገላብጡ ይወድቃሉ።

ጡረተኛው፦ እኔ በጠፍሩ ዘመን ነው የነዳሁት ልጄ። መውደቅን አታስተምረኝ። ደግሞ ለጀማሪ በየአቅጣጫው የሚለቅ የጫማ ብረት አለ፣ ኤስኤች 56 የሚባለው፣ ኤም የሚል ፊደል ያለበት። 51 ቁጥሩ ግን ተረከዝ ወደ ጎን ካልዞረ አይለቅም። ስትገዙ አስተውሉ። ጫማውን የሚነክሰውን ሞላ፣ ስፕሪንጉን ማለቴ ነው፣ በ3 ሚሊ መፍቻ አላሉት፣ ልጅ ነው የሚነዳው።

የጠባሴው፦ ዳገት ላይ ግን ወደ ላይ መሳብም አለ፣ ጉልበት ይጨምራል።

መካኒኩ፦ እሱን ተወው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት ብስክሌተኞችን ሆን ብለው ወደ ላይ እንዲስቡ አድርጎ ለክቶ፣ ሰውነታቸው ካቃጠለው ጉልበት ወደ ፔዳሉ የሚደርሰው ድርሻ ቀነሰ እንጂ አልጨመረም። የሚነክስ ፔዳል ጥቅሙ እግር አለመሾለኩ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩም ስስ ነው፤ ትንፋሽህን ቆጥብ።

አስጀማሪው፦ እሺ፣ ወዲህ እየመጣን ይመስለኛል። አራቱ ብስክሌቶች ላይ ሹል ብሎን ያለው ጠፍጣፋ ብረት፣ ተከፍቶ ግራሶ የሚቀየርለት። ሁለቱ ላይ ኤም 520፣ ጫማ ላላቸው ልጆች። የእትዬ ጥያቄ ነው ሐሳቤን የቀየረው፣ እውነቱን ለመናገር።

የጠባሴው፦ ሁለት ብቻ?! ማን ነው የሚመርጣቸው?

የሣሲት ልጅ፦ አንተ አይደለህም፣ ጫማህን ይዘህ ተቀመጥ።

መካኒኩ፦ ተስማምቻለሁ። ግን እባካችሁ ራሳችሁ አትግጠሙት። የግራው ፔዳል የብሎን ጥርሱ በተቃራኒ ነው፤ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል። ባለፈው አንዱ በጉልበት በቀኝ አዙሮ ፔዳሉ የሚታሰርበትን የብረት ክንድ ጥርስ ልጦ ነው የመጣልኝ። ግራሶ ቀብታችሁ፣ በእጅ ጀምራችሁ፣ ከዚያ በ15 መፍቻ። ቀጭኑን መፍቻ ማለቴ ነው፣ የመኪናው ወፍራም ነው አይገባም።

አስጀማሪው፦ ቀጭን 15 ማን ጋ አለ?

ጡረተኛው፦ እኔ ጋ ነበር። የጠባሴው ልጅ ወስዶ ከጥምቀት ወዲህ አልመለሰም።

የጠባሴው፦ ነገ አመጣለሁ ጋሼ።