የውጭ አገር ሽምግልና ለኑሯችን የሚያመጣው ለውጥ አለ?

የገላን ዳቦ ቤት
ሰላም ለሁላችሁ። ገላን ውስጥ ትንሽ ዳቦ ቤት አለኝ። የዩክሬን ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ የዱቄቱም የዘይቱም ዋጋ ወደ ድሮው ተመልሶ አያውቅም። ዋጋ ስጨምር ሰው ይቀርብኛል፤ ስለዚህ ሊጡን አሳነስኩት። ጠዋት ጠዋት ለልጆቿ የምትገዛ የቀን ሠራተኛ አለች። ዳቦውን በእጇ መዘን ታደርገውና ምንም ሳትል ትከፍላለች። አንጀቴን ትበላዋለች። አሁን ደግሞ በየዜናው «እገሌ የተባለ አገር ሊያሸማግል ነው» ይባላል። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ፣ ጠብ ያለ ነገር አለ?

የጅቡቲ መስመር ሹፌር
አለ እንጂ እህቴ። ሐምሌ 2014 ቱርክና ተመድ አሸማግለው፣ የዩክሬን እህል በመርከብ እንዲወጣ የሚፈቅደው የጥቁር ባሕር የእህል ስምምነት ኢስታንቡል ላይ ተፈረመ። ሥራ የሠራው ከፊርማው በኋላ የመጣው ቁጥጥር ነው። የሩሲያ፣ የዩክሬን፣ የቱርክና የተመድ ሰዎች አንድ ላይ ሆነው እያንዳንዱን መርከብ ይፈትሹ ነበር። ብሬቭ ኮማንደር የምትባለው መርከብ ለኢትዮጵያ እርዳታ 23,000 ቶን ስንዴ ይዛ ነሐሴ 24 ጅቡቲ የደረሰችው በዚህ መንገድ ነው። ተሳቢ ያለው መኪና 400 ኩንታል ቢጭን 575 መኪና ይሞላል። ግን በዚያው ሰሞን የሰሜኑ ጦርነት አገረሸና ወደ ትግራይ የሚሄደው እርዳታ ቆመ። እህል ከዩክሬን ጦርነት መሀል ወጥቶ ሲመጣ የእኛው መንገድ ተዘጋ! የተከፈተው ጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ ነው። የጥቁር ባሕሩም ቢሆን ዓመት አልሞላውም፣ ሩሲያ ወጣችና ፈረሰ።

የባድመ ዘማች
ልጆች፣ ከኤርትራ ጋር የተፈረመውን የአልጀርሱን ስምምነትም አትርሱት። ታኅሣሥ 1993 ሲፈረም ወታደር ነበርኩ፤ በሬዲዮ ሰምተን ተቃቀፍን። ጦርነቱ ቆመ፣ ይህን አልክድም። ግን የድንበር ኮሚሽኑ በ1994 ባድመን ለኤርትራ ሲወስን መንግሥታችን በኋላ አልቀበልም አለ፤ ያስፈረሙትም ገፍተው አላስፈጸሙ። ዛላምበሳ ላይ መንገዱ እስከ መስከረም 2011 ተዘግቶ ቆየ። እህትና ወንድም ወዲያና ወዲህ ሆነው አረጁ።

የገላን ዳቦ ቤት
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። የሱዳኑስ?

የጅቡቲ መስመር ሹፌር
ሳዑዲና አሜሪካ ግንቦት 2015 ጅዳ ላይ የሱዳንን ጦርና ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉን የ7 ቀን ተኩስ አቁም አስፈርመው ነበር። ካርቱም ውስጥ ግን ተኩሱ አላባራም፤ መሬት ላይ ሆኖ ጣሹን የሚያስቆም አልነበረም። ሰው በመተማ በኩል ወደ እኛ ሲሰደድ ነበር። እንዲያም ሆኖ ያሸማገሉትን አልወቅስም፤ ደግመው ይሞክሩ፣ ግን ተቆጣጣሪውን ከመጀመሪያው ይዘው ይምጡ።