ኢሴንሻል ኦይል ለቆዳ ሲቀጥን መቶኛው የሚሰላው በድምር ነው ወይስ ለየብቻ?

ጀማሪ ቀማሚ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከጥቂት ወራት ወዲህ ለራሴ የሚሆን የሰውነት ቅባት ቤቴ ውስጥ መቀመም ጀምሬአለሁ። በ30 ሚሊ ሊትር የጆጆባ ዘይት ላይ ከኢሴንሻል ኦይል (ከዕፅዋት ከሚወጣ ጠንካራ የመዓዛ ዘይት) 10 ጠብታ ላቬንደር፣ 10 ጠብታ ሌመን እና 10 ጠብታ ፔፐርሚንት አድርጌ ጠዋት ጠዋት እጄንና አንገቴን ስቀባ ሰነበትኩ። በሳምንቱ ግን ከጆሮዬ ሥር ጀምሮ እስከ ትከሻዬ ድረስ ቆዳዬ ቀላ፤ ማቃጠልና ማሳከክም ተከተለ። ቅባቱን ወዲያው አቁሜአለሁ።

ግራ የገባኝ ያነበብኩት መመሪያ «ለሰውነት ከ2 በመቶ አትለፉ» የሚል መሆኑ ነው። አንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ነው ብዬ ሳሰላ እያንዳንዱ ዘይት ወደ 1.7 በመቶ ስለሚመጣ ልኩን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር። ስሌቱ በድምር ነው ወይስ ለየብቻ? የጠብታ ቆጠራስ ምን ያህል ይታመናል? የ3 ዓመት ልጅም አለችኝና ሽታውን ስለወደደችው እሷን ከዚሁ ቅባት መቀባት ይቻል እንደሆነ ብትነግሩኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ሚዛን ያዥ፦

እኅቴ፣ ማቆምዎ ትክክል ነው። መቶኛው የሚሰላው በድምር ነው፤ ቆዳዎ ሦስቱን ዘይቶች የሚቀበለው በአንድ ጊዜ ነውና። 30 ጠብታ ማለት 1.5 ሚሊ ሊትር ስለሆነ የእርስዎ ቅባት 5 በመቶ ገደማ ኢሴንሻል ኦይል አለው፤ ይህ በየቀኑ ለሚቀቡት ነገር በጣም ከባድ ነው። ለ30 ሚሊ ሊትር 1 በመቶ ማለት በጠቅላላው 6 ጠብታ ነው፤ 2 በመቶ ደግሞ 12 ጠብታ ይሆናል። ሦስት ዓይነት መዓዛ ካሻዎት እነዚያኑ ጠብታዎች ለሦስቱ ያከፋፍላሉ እንጂ ለእያንዳንዱ አዲስ ቆጠራ አይጀምሩም። የፊትና የአንገት ቆዳ ስስ ስለሆነ እኔ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ባለው ውስጥ እወሰናለሁ፤ 2 በመቶውን የምተወው ለእጅ፣ ለእግርና ለጀርባ ነው።

እንዲያም ሆኖ 2 በመቶ ለሁሉም ዘይት የሚሠራ ልክ አይደለም። የቅርንፉድ ዘይት ዩጂኖል የተባለ ቆዳን የሚያስቆጣ ውሁድ ስለሚበዛበት ከ0.5 በመቶ ማለፍ የለበትም። የቀረፋ ቅርፊት ዘይት ደግሞ ከ0.1 በመቶ በታች መሆን ያለበት ኃይለኛ ዘይት ስለሆነ ለጀማሪ ጨርሶ ባይነካ ይሻላል። ጠጅ ሣርም ሽታው ገር ይምሰል እንጂ ከ1 በመቶ በታች የሚያዝ ዘይት ነው።

ስለ ጠብታ የጠየቁት በእኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ነው። «20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር» የሚባለው ለግምት ያህል ነው፤ የጠብታው መጠን በዘይቱ ውፍረት፣ በማንጠብጠቢያው አፍ ስፋትና በሙቀቱ ይለዋወጣል። አንድ ቀን ያንኑ ላቬንደር አንድ ጊዜ በጠርሙሱ ማንጠብጠቢያ፣ ሌላ ጊዜ በቀጭን የመስታወት ፒፔት ሃያ ሃያ ጠብታ አድርጌ ብመዝነው፣ የመጀመሪያው ከሁለተኛው በአንድ ሦስተኛ ያህል በለጠ። ከዚያ ወዲህ የምቀምመው በግራም ነው። የሚያስፈልገው እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ሚዛን ብቻ ነው፤ ለ30 ግራም ቅባት 1 በመቶ የሚሆነው 0.3 ግራም ስለሆነ የወጥ ቤት ሚዛን ይህን ለይቶ አያሳይም።

ልጅዎን ግን እባክዎ ከዚህ ቅባት አይቀቧት። ፔፐርሚንት ውስጥ ያለው ሜንቶል፣ የባሕር ዛፍ ዘይት ውስጥ ያለው ሲኒዮልም እንዲሁ፣ በሕፃናት ፊትና ደረት አካባቢ ሲቀባ አተነፋፈሳቸውን ሊያውክ ይችላል። ለእሷ ያለ መዓዛ የሆነ ንጹሕ ዘይት ይበቃታል። ጠርሙሶቹንም እጇ ከማይደርስበት ቦታ ቆልፈው ያስቀምጡ፤ ጥቂት ሚሊ ሊትር የባሕር ዛፍ ዘይት የዋጠ ሕፃን ለከባድ አደጋ ይጋለጣል።

የጥላ ወዳጅ፦

ሚዛን ያዥ ባሉት ሁሉ እስማማለሁ። እኔን ያሳሰበኝ ቅባቱን የሚቀቡት ጠዋት፣ የሚቀቡትም አንገትዎን መሆኑ ነው። ከልጣጭ ተጨምቀው ከሚወጡ የሎሚ ወገን ዘይቶች ብዙዎቹ ፉራኖኩማሪን የተባሉ ውሁዶች አሏቸው። እነዚህ ቆዳ ላይ ሳሉ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍባቸው ቆዳውን እንደ እሳት ያቃጥሉታል፤ መቅላቱ ካለፈም በኋላ ለወራት የማይለቅ ቡናማ ጥቁረት ሊተዉ ይችላሉ። ቀድሞ ቤርጋሞት የተባለው የሎሚ ወገን ዘይት የበዛበት ሽቶ ይቀቡ የነበሩ ሰዎች አንገት ላይ ሽቶው የወረደበትን መስመር ተከትሎ እንደ ጠብታ የተንጠለጠለ ጥቁረት ይታይ ነበር።

የዓለም አቀፉ የሽቶ ማኅበር ሳይታጠብ ቆዳ ላይ ለሚቆይ ቅባት ያስቀመጠው ከፍተኛ ልክ ለቤርጋሞት 0.4 በመቶ፣ ተጨምቆ ለሚወጣ «ላይም» ለተባለው አረንጓዴ ሎሚ ዘይት 0.7 በመቶ፣ ተጨምቆ ለሚወጣ ሌመን ደግሞ 2 በመቶ ነው። የእርስዎ ሌመን 1.7 በመቶ ስለሆነ በወረቀት ላይ ሲታይ ልኩን አላለፈም፤ ነገር ግን ጠብታው በአንድ ሦስተኛ ሊለዋወጥ እንደሚችል ከላይ ስለሰማን ልኩን አልፎ ሊሆንም ይችላል። የጣፋጭ ብርቱካን ዘይትና በእንፋሎት የተነጠረ ሌመን ይህ ችግር የለባቸውም። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ «ተጨምቆ የወጣ» ወይም «በእንፋሎት የተነጠረ» የሚለውን ይፈልጉ፤ ካልተጻፈ ተጨምቆ እንደወጣ ይቁጠሩትና ከልክ በላይ የተቀባ ቆዳን ቢያንስ ለ12 ሰዓት ለፀሐይ አያጋልጡት።

ዳግም የማይደፍር፦

እኔ የምጨምረው በራሴ ላይ የደረሰውን ነው። ከዓመታት በፊት ቲ ትሪ የተባለውን ዘይት ሳላቀጥን በጥጥ እየነከርኩ አገጬ ላይ ለሚወጣ ብጉር እጠቀም ነበር። ለአምስት ወር ያህል ምንም አልሆንኩም፤ እንዲያውም «ለቆዳዬ ተስማማኝ» እያልኩ ለሰው እመክር ነበር። አንድ ማለዳ ስነሣ አገጬና የላይኛው ከንፈሬ አብጠው፣ በላያቸው ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ነገሮች ወጥተው ነበር። የቆዳ ሐኪሙ ጀርባዬ ላይ የአለርጂ ምርመራ አድርጎ ያረጋገጠልኝ ለዘይቱ አለርጂ መያዜን ነው። ዛሬ ያ ዘይት በጣም ቀጥኖ የገባበት ሻምፑ እንኳ ይቀሰቅስብኛል።

እኅቴ፣ ይህን የምነግርዎ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንዳሉ እንዲለዩ ነው። አንዱ መቆጣት ነው፤ ዘይቱ ሲበዛ ወዲያው ያቃጥላል፣ ሲቀጥን ወይም ሲተው ይለቃል። ሌላው አለርጂ ነው፤ ሰውነት በዝምታ ሲማር ቆይቶ አንድ ቀን እምቢ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ትንሽ መጠን ይበቃዋል፣ ብዙውን ጊዜም ዕድሜ ልክ ይኖራል። በደንብ ማቅጠን ዋነኛ ጥቅሙ ይህን ሁለተኛውን ማራቅ ነው። ስለዚህ ቁስሉ ሳይድን በመቅጠን ብቻ ተማምነው ያንኑ ቅባት ዳግም አይሞክሩ። ከዳነም በኋላ እያንዳንዱን ዘይት ለብቻው በ1 በመቶ አቅጥነው በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ ትንሽ ቀብተው 48 ሰዓት ይጠብቁ፤ የአለርጂ ምልክት ዘግይቶ ስለሚመጣ አንድ ሰዓት ጠብቆ «ደኅና ነው» ማለት አይቻልም። አሁን ያለብዎት እየሰፋ ከሄደ ወይም ውሃ ከቋጠረ ግን የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ጀማሪ ቀማሚ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሶቻችሁን አንብቤ ጠርሙሶቹን አወጣኋቸው። የሌመኑ ላይ «ተጨምቆ የወጣ» ተብሎ ተጽፏል። ከሦስት ዓመት በፊት የከፈትኩት ነው፤ ከመስኮት አጠገብ ስለቆየ የክዳኑ ጥርሶች ላይ ሙጫ የመሰለ ነገር ተጋግሯል፣ ሽታውም የሎሚ ልጣጭ ሽታነቱ ቀርቶ ወደ ቀለም ማቅጠኛ አድልቷል። ይህም ለውጥ ያመጣል? ገላ መታጠቢያ ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ መጣልስ ይሻላል?

ሚዛን ያዥ፦

ለውጥ ያመጣል፤ እንዲያውም ዋናው ጥፋተኛ እሱ ሊሆን ይችላል። ሌመን ውስጥ ያለው ሊሞኒን፣ እንዲሁም ላቬንደር ውስጥ ያለው ሊናሎል ከአየር ጋር ሲገናኙ ሃይድሮፐርኦክሳይድ ወደሚባሉ ውሁዶች ይለወጣሉ፤ ከትኩሱ ዘይት ይልቅ በብርቱ አለርጂ የሚያስነሡት እነዚህ ናቸው። የገለጹት ሙጫና ሽታ ዘይቱ አየር ገብቶት እንዳረጀ የሚያሳይ ስለሆነ ጠርሙሱን ለቆዳ አይጠቀሙበት። ሲገዙ አነስተኛና ጠቆር ያለ ጠርሙስ ይምረጡ፤ የከፈቱበትን ቀን በላዩ ጽፈው በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ያኑሩት። የሎሚ ወገን ዘይቶችን እኔ ከአንድ ዓመት በላይ አላቆይም።

ወደ ውሃ መጣሉ ደግሞ ከማቅጠን አይቆጠርም። ዘይት ከውሃ ጋር ስለማይዋሐድ ላይ ላዩን ይንሳፈፍና ገላዎን ያገኘው ጊዜ ሳይቀጥን ይለጠፍበታል፤ ወተትም ሆነ ማር መጨመር ይህን በቅጡ አይፈታውም። ጠብታዎቹን አስቀድመው ሽታ በሌለው ፈሳሽ የገላ ሳሙና በአንድ የሾርባ ማንኪያ ልክ ቢመቱ ውሃው ውስጥ ይበተናሉ፤ ፔፐርሚንቱን ግን ከገላ መታጠቢያ ይተዉት። ቆዳ ላይ ያልቀጠነ ዘይት ከነካዎትም ተራ ዘይት በጨርቅ አድርገው መጀመሪያ ይጥረጉት፣ ከዚያም በለስላሳ ሳሙና ይጠቡት። አሁን አንገትዎ እስኪድን መዓዛ የሌለው ቅባት ብቻ ይጠቀሙ፤ ላቬንደሩንም ከመሞከርዎ በፊት መቼ እንደተከፈተ ያረጋግጡ።

ጀማሪ ቀማሚ፦

ሌመኑን ለይቼ አስወገድኩት፤ ላቬንደሩ የተከፈተው ከአራት ወር በፊት ነው። አንገቴ ሲድን በ0.3 ግራም ብቻ ጀምሬ ክንዴ ላይ ያየሁትን እዚሁ እጽፋለሁ።