ለመልቲታስኪንግ ከርነል የሚሆን ርካሽ የድሮ ኮምፒውተር የትኛው ነው?

ጀማሪ_ከርነል፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሲ የተጻፈ፣ ጥቂት አሴምብሊ ብቻ ያለው ትንሽ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት) አለኝ፤ በሰዓት ኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩን በየጊዜው በሚያቋርጥ ምልክት) ታስክ ይቀያይራል። ከኢሙሌተር (ማሽኑን ከሚያስመስል ሶፍትዌር) አውጥቼ እውነተኛ የ1980ዎቹ የቤት ኮምፒውተር ላይ ላስነሳው እፈልጋለሁ። ቢያንስ 4 ፕሮሰስ ጎን ለጎን ቢሄድልኝ በቂ ነው፤ ግራፊክስ አልፈልግም። ያለሁት ጀርመን ስለሆነ ኮሞዶር 64 እንደ ልብ ይገኛል። እሱን ልግዛ?

ባይት_ቆጣሪ፦
ኮሞዶር 64ን ተወው። ፍጥነቱ ሳይሆን ስታኩ (ፕሮሰሰሩ የመመለሻ አድራሻና ጊዜያዊ መረጃ የሚደራርብበት ሜሞሪ) ነው የሚገድልህ። 6510 ፕሮሰሰር ስታኩን ከአድራሻ 256 እስከ 511 ካለው ቦታ ንቅንቅ አያደርገውም። ለ4 ታስክ ስታካፍለው ለእያንዳንዱ 64 ባይት ይደርሰዋል፤ ኢንተራፕት ሲመጣ ደግሞ ከዚያው ላይ ይቆርሳል። አለዚያ በየቅያሪው ስታኩን መገልበጥ ነው፣ በ1 ሜጋኸርዝ! ኮሞዶር 128 ይህን የስታክ ቦታ ማዛወር ስለሚችል ይሻላል።

እኔ የምመክርህ አምስትራድ ሲፒሲ 6128 ነው። ጀርመን ውስጥ «ሽናይደር» በሚል ስም ስለተሸጠ በዚያ ስም ፈልገው። 464 የሚለውን እንዳትገዛ፤ 64 ኪሎባይት ብቻ ነው፣ ያውም ባለ ካሴት።

6128 ላይ 4 ሜጋኸርዝ ዜድ80 ፕሮሰሰር፣ 128 ኪሎባይት ሜሞሪ፣ በሰከንድ 300 ኢንተራፕት አለህ። ፖርት (የሃርድዌር መገናኛ አድራሻ) 32512 ላይ ከ196 እስከ 199 ያለ ቁጥር ስትጽፍ ከ16384 እስከ 32767 ያለው መስኮት ብቻ ወደ ሌላ የሜሞሪ ክፍል (ባንክ) ይቀየራል። ስለዚህ 4 ፕሮሰስ፣ ለእያንዳንዱ 16 ኪሎባይት። ከርነሉ ከመስኮቱ በታችና በላይ ይቀመጣል፤ የመጨረሻው 16 ኪሎባይት የስክሪኑ ነው። ፖርቱ የሚለየው በላይኛው ባይት ስለሆነ ቢ ሬጂስተር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ማከማቻ) ውስጥ 127 መኖሩን አረጋግጥ።

በየቅያሪው የምታስቀምጠው ሁለተኛውን የሬጂስተር ስብስብ ጨምሮ 20 ባይት ነው፤ የመመለሻ አድራሻው 2 ባይት ቀድሞ ስታክ ላይ ገብቷል። የስታክ ጠቋሚውን ፕሮሰስ ሠንጠረዡ ላይ ጻፍና ከርነሉ ወዳለበት ስታክ አዛውረው፣ ባንኩን ከዚያ በኋላ ቀይር። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የአንዱን ስታክ የሌላው ባንክ ውስጥ ትጽፋለህ። 194 የሚለውን ቁጥር ደግሞ አትንካ፦ 64 ኪሎባይቱን በሙሉ ስለሚገለብጠው የሚሠራው ኮድ ራሱ ከሥርህ ይጠፋል።

68ሺ_ወዳጅ፦
በስታኩ ጉዳይ እስማማለሁ፣ ግን በሲ የተጻፈ ነገር 16 ኪሎባይት ውስጥ ቶሎ ይጨናነቃል። አታሪ 1040 ኤስቲ ጀርመን ውስጥ በብዛት የተሸጠ ማሽን ነው፤ 1 ሜጋባይት፣ 8 ሜጋኸርዝ 68000 ፕሮሰሰር፣ ባንክ የሚባል ጣጣ የለም፣ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለርም ኮድ ያወጣለታል። ሚኒክስ የተባለው ትንሽ ኦፐሬቲንግ ሲስተምም ወደ ኤስቲ ተዛውሮ ነበር። የሚያስቸግረው ፎርክ (አንድ ፕሮሰስ የራሱን ቅጂ መፍጠሩ) ነው። ኤምኤምዩ (የሜሞሪ አድራሻ የሚተረጉም ሃርድዌር) ስለሌለ ልጁ ፕሮሰስ ከአባቱ የወረሳቸው ጠቋሚዎች የአባቱን ሜሞሪ ያሳያሉ፣ ስለዚህ ሌላ ቦታ ገልብጠህ ልታስነሳው አትችልም። ወይ ተራ በተራ እዚያው አድራሻ ላይ ታቀያይራቸዋለህ፣ ወይ ፎርክን ትተህ አዲስ ፕሮግራም ብቻ ትጭናለህ።

ጀማሪ_ከርነል፦
ፎርክ አልጠቀምም፤ ፕሮሰሶቼም ትንንሽ ናቸው። 6128 ያለ ሞኒተር በርካሽ አግኝቻለሁ። ምን ላጣራ?

ባይት_ቆጣሪ፦
ያለ ሞኒተር ከሆነ ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለው፤ ኤሌክትሪኩን የሚሰጠው ሞኒተሩ ነው። 5 ቮልትም 12 ቮልትም ያስፈልግሃል፣ 12ቱ ለፍሎፒው ነው። ምስሉን በስካርት ገመድ ቴሌቪዥን ላይ ታወጣለህ።

ባለ 3 ኢንቹ ድራይቭ ጎማ ቀበቶ አለው። ዲስኩ ካልዞረ መጀመሪያ እሱን ቀይር። ዲስኩ ራሱ ብርቅ ስለሆነ ጎቴክ (ፍሎፒ ድራይቭን የሚተካ መሣሪያ) ገዝተህ በፍላሽ መሥራቱ ይሻላል። የፍሎፒ ቺፑ ግን «ዝግጁ» የሚል ሲግናል ሳያገኝ አያነብም፤ ተራ የፒሲ ድራይቭ ይህን አይሰጥም፣ ስለዚህ መስመሩን ከግራውንድ ጋር አገናኘው።

ከርነልህን የሚነካው ይኸኛው ነው፦ ፍሎፒው ዲኤምኤ (ዳታን ያለ ፕሮሰሰሩ ወደ ሜሞሪ የሚያስገባ ዘዴ) የለውም። በየ32 ማይክሮሰከንዱ አንድ ባይት በራስህ ኮድ ማንሳት አለብህ፣ ስለዚህ 512 ባይት ሴክተር ሲነበብ ኢንተራፕት ለ16 ሚሊሰከንድ ይዘጋል። በዚህ መሀል 5 ያህል የሰዓት ኢንተራፕት ይመጣል፤ ሃርድዌሩ አንዱን ብቻ ይዞ ይጠብቅሃል። ዲስክ በተነካ ቁጥር ሰዓትህ ወደ ኋላ ይቀራል፣ የእንቅልፍ ጊዜያቸውን የሚቆጥሩ ፕሮሰሶችም ዘግይተው ይነቃሉ። ከእያንዳንዱ ሴክተር በኋላ ቆጣሪው ላይ 4 ደምር። 6128 ሰዓት የሚይዝ ቺፕ ስለሌለው ኋላ የምታስተካክልበት ሌላ ምንጭ አይኖርህም።