የቆየ ስፖርት መኪና ለውድድር መስመር፦ ከፍሬኑ ልጀምር ወይስ ከሞላው?

ጥያቄ፣ ከደሴ

ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ የወረስኩትን ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ለትራፊክ በተዘጋ መስመር ላይ በፍጥነት ለመንዳት እያዘጋጀሁት ነው። ባለፈው ሳምንት ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ የፍሬኑ ፔዳል ቀስ በቀስ ለስልሶ ወደ ወለሉ ተጠጋ፤ ከተማ ገብቼ ግማሽ ሰዓት ያህል ካሳረፍኩት በኋላ ግን እንደ ወትሮው ሆነ። አንድ መካኒክ ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) ይቀየር ሲለኝ፣ ሌላው ደግሞ መኪናው በኩርባ ላይ እንዳያዘነብል ሞላውን ቆርጠን ዝቅ እናድርገው ይላል። ከየትኛው ብጀምር ይሻላል?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ

እንኳን በሰላም ገቡ። ማስተሩን ከመግዛትዎ በፊት የፍሬኑን ዘይት ይመልከቱ። ፔዳሉ ጠንካራ እንደሆነ መኪናው አልቆም ቢል ችግሩ ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው ሸራ መጋሉ ነው፤ ለስልሶ ሲሰምጥና ሲበርድ ሲመለስ ግን ዘይቱ ፈልቶ በመስመሩ ውስጥ እንፋሎት ፈጥሯል ማለት ነው፤ እንፋሎት ስለሚታመቅ የእግርዎ ጉልበት ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። የደከመ ማስተር ብዙውን ጊዜ መኪናው ቀዝቃዛ ሆኖም ፔዳሉን ያሰምጣል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲችል የሚጠበቅበት ዶት 4 የተባለው የዘይት ደረጃ እርጥበት ሲገባው መስፈርቱ ወደ 155 ይወርዳል። አሮጌውን ሙሉ በሙሉ አስወጥተው በአዲስ ዶት 4 ወይም ዶት 5.1 ይተኩት፤ ሲሊኮን ከሆነው ዶት 5 ጋር ግን ፈጽሞ አይቀላቅሉት። የፍሬኑ የላስቲክ ቱቦዎች የመኪናውን ያህል ያረጁ ከሆነ ውስጣቸው ስለሚያብጥ አብረው ይቀየሩ፤ የካሊፐሩ (ሸራውን የያዘው ክፍል) ፒስተንም ሳይያዝ መመለሱን ያረጋግጡ።

መልስ፣ ከደሴ

በዚህ ላይ የከፍታውን ነገር ልጨምር። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ አንድ ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ቁልቁለት ሲወርድ የሚለቀው ኃይል በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሄደ 16 ጊዜ ያህል ፈጽሞ ከማቆም ጋር ይተካከላል፤ በማርሽ ካልተያዘ አብዛኛው ወደ ዲስኩ ይሄዳል። ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላው ሁሉ የፍሬን ዘይትም የሚፈላበት ሙቀት ዝቅ ይላል፣ የሳሳው አየርም ዲስኩን በደንብ አያቀዘቅዘውም። ሰርቮ (የእግርን ጉልበት የሚያግዝ መሣሪያ) ያለው መኪና ከሆነ እርዳታውም ይቀንሳል፤ ሰርቮው የሚሠራው በከባቢ አየር ግፊትና ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጥረው ዝቅተኛ ግፊት (ቫኪዩም) ልዩነት ነውና።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ

ሞላውን እባክዎን አይቁረጡት። የተቆረጠ ሞላ በእርግጥ ይጠነክራል፤ ነገር ግን የመንቀሳቀሻ ቦታው ስለሚያጥር መኪናው ኩርባ መካከል የሞላውን እንቅስቃሴ በሚገታው የላስቲክ ማቆሚያ ላይ አርፎ በድንገት ሊንሸራተት ይችላል። በዚህ መኪና ላይ ደግሞ የኋላውን አክስል በጎን የሚይዘው አግድም ዘንግ መኪናው ዝቅ ሲል አዘንብሎ አክስሉን ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል። መጀመሪያ ያረጁትን ቡሾች፣ ቦል ጆይንቶችና ኩሽኔታዎች፣ ከዚያም ሾክ አብዞርበሮቹን በጥንድ ይቀይሩ፤ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) የሚሠራው ከእነዚህ በኋላ ነው። ፍሬኑን ሐረጎ ላይ አይሞክሩት፤ መንገዱ የከባድ መኪናዎች ነው። ሰው በሌለበት ሜዳማ ስፍራ በሰዓት ከ80 ወደ 20 ኪሎ ሜትር ደጋግመው እየቀነሱ፣ ሳይቆሙ፣ አዲስ ሸራ ካስገቡ ከዲስኩ ጋር ያላምዱት፤ ከዚያ በኋላ እግርዎን ከፍሬኑ ላይ አንስተው እስኪበርድ ይንዱት።