ለጭንቀት ዝለት የደም ማስረጃ ይጠየቅ ወይ?

አወያይ፦ በስዊድን ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተራዘመ ጭንቀት የሚመጣ ዝለት ራሱን የቻለ የሕመም ስም አለው፤ መስፈርቱም ጭንቀቱ ቢያንስ ስድስት ወር የቆየ እንዲሆን ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ በሥራ መዛልን በ2019 እ.ኤ.አ. የሥራ ክስተት እንጂ በሽታ አይደለም ብሎ መዝግቧል። በታማሚዎችና በጤነኞች ደም ውስጥ ሜታቦላይት በሚባሉ ጥቃቅን ሞለኪውሎች መጠን ልዩነት መታየቱ ተዘግቧልና፣ ለሕመም ፈቃድ የደም ውጤት ይጠየቅ?

የስቶክሆልም ነዋሪ፦ ይጠየቅ እላለሁ። እኅቴ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች ትንከባከባለች። ባለፈው ክረምት ለዓመታት ስትገባበት የኖረችውን ሕንፃ የበር ኮድ ረስታ፣ ጓንቷን እንኳ ሳታጠልቅ በረዶ ላይ ቆማ ስታለቅስ አገኘኋት። ሐኪም ቤት ስትሄድ ግን «ደምሽ ደህና ነው» ተባለች፤ ከዚያ ወዲህ የሚያምናት ጠፋ። የስኳር ሕመምተኛ በደሙ ይታመናል፤ እርሷስ ለምን በቃሏ ብቻ ትከራከር?

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ የምቃወመው ለእኅትዎ ስለማስብ ነው። የብዙ ሕሙማን አማካይ ከብዙ ጤነኞች አማካይ ተለየ ማለት፣ የአንዲትን ሴት ደም አይቶ ታማለች ወይም አልታመመችም ለማለት ያስችላል ማለት አይደለም፤ የሁለቱ ወገኖች ልኬት በእጅጉ ሊደራረብ ይችላልና። በዚያ ላይ ደም ከተቀዳ በኋላ ፈሳሹ ከደም ሕዋሳቱ ሳይለይ በቱቦው ውስጥ ቢቆይ ሕዋሳቱ ስኳሩን መጠቀማቸውን ስለሚቀጥሉ ግሉኮሱ ይቀንሳል፣ ከስኳሩ የሚወጣው ላክቴት የሚባል ንጥረ ነገር ደግሞ ይጨምራል፤ ይህን ሳያውቅ ውጤቱን የሚያነብ ሰው የናሙናውን መዘግየት የታማሚዋ ሕመም አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ምግብም የራሱን ምልክት ይተዋል፤ ሁዳዴን 55 ቀን ሥጋና ወተት ሳይቀምስ የጾመ የእኛ ሰው የቅባት ልኬት ከጎረቤቱ ቢለይ ምን ይገርማል? ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ይህ ነው፤ የዛለ ሰው እንቅልፉ ይዛባል፣ መንቀሳቀስ ያቆማል፣ መድኃኒትም ይጀምር ይሆናል፤ ታዲያ በደሙ የታየው ለውጥ የሕመሙ መነሻ ነው ወይስ ሕመሙ ያስከተለው ኑሮ?

የቤት ለቤት ተንከባካቢ፦ እኔም በዚህ ሕመም ሥራ ያቆምኩ ነኝ። ምርመራው ግዴታ ከሆነ በኋላ ውጤቴ «ጤነኛ» ቢል፣ የሕመም ፈቃድ ክፍያ የሚወስነው የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ከሐኪሜ ቃል ይልቅ ወረቀቱን ያምናል ብዬ እፈራለሁ።

የስቶክሆልም ነዋሪ፦ ፍርሃትሽ ገብቶኛል፤ ግዴታ ይሁን ማለቴን አነሣለሁ። ጥናቱ ግን በዚህ ምክንያት እንዳይቆም እለምናለሁ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ እንዲቆምማ አልፈልግም። እስከዚያው ድረስ ደም የሚቀዳው የደም ማነስን፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን መዛባትንና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትን የመሰሉ ሌሎች የድካም መንስኤዎችን ለመለየት ነው። እኅትዎም «ደህና ነው» ሲሏት እነዚህ አልተገኙብሽም ማለታቸው ከነበረ፣ ይህንኑ በግልጽ ሊነግሯት ይገባ ነበር።