ክርክር፦ የክርስቲያን ጭንቀት የእምነት ማነስ ምልክት ነውን?

አወያይ፦ ባለፈው ውይይታችን አንድ አባል፣ «በእውነት የሚያምን ሰው አይጨነቅም፤ ጭንቀቱን በመድኃኒት ለማስታገስ የሚሮጥም በእግዚአብሔር መታመኑን ትቷል» ብለው ነበር። ሐሳቡ ብዙዎችን ስላከራከረ ለብቻው እንዲታይ አቅርበነዋል። በቅድሚያ ወንድማችን ያስረዱን።

ሐሳቡን ያቀረቡት አባል፦ አመሰግናለሁ። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 «አትጨነቁ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ተናግሯል፤ ይህም ለወደደ ብቻ የተሰጠ ምክር ሳይሆን ትእዛዝ ነው። ጳውሎስም ለፊልጵስዩስ ሰዎች «በአንዳች አትጨነቁ» ብሎ የጻፈው በእስራት ላይ ሳለ ነው። ሰላም ከኑሮ መመቻቸት የሚገኝ ቢሆን ኖሮ ያ መልእክት ባልተጻፈ ነበር። ሰው ነገን በራሱ እጅ ለመያዝ ሲሞክር ይፈራል፤ ይህን የልብ ጉዳይ እንደ አጥንት ስብራት ለሐኪም ብቻ ስንሰጠው፣ ጸሎት ሁሉም ከተሞከረ በኋላ የሚታወስ የመጨረሻ አማራጭ ይሆናል።

የመጽሐፍ ቅዱስ መምህር፦ ወንድሜ ትእዛዝ መሆኑን በመናገርዎ አልቃወምዎትም። የምቃወመው ከዚያ ተነሥተው በተጨነቀው ሰው ላይ የሚሰጡትን ፍርድ ነው። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ሊያዝንና ሊተክዝ እንደ ጀመረ፣ ነፍሱም እስከ ሞት ድረስ እጅግ እንዳዘነች ወንጌላዊው ማቴዎስ ጽፎልናል። ጭንቀት ሁሉ የእምነት ጉድለት ከሆነ፣ ኃጢአት ስለሌለበት ስለ እርሱ ምን ልንል ነው? «በአንዳች አትጨነቁ» ያለው ጳውሎስም በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 7 ላይ በውጭ ጠብ፣ በውስጥም ፍርሃት እንደ ነበረበት ሳይሸሽግ ይናገራል።

ከሁሉ ይልቅ ግን የኤልያስን ታሪክ በጥሞና እንድናነበው እፈልጋለሁ። ነቢዩ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ሲለምን፣ መልአኩ «እምነትህ ወዴት ነው?» አላለውም፤ ዳስሶ አስነሣውና እንዲበላ አዘዘው። ኤልያስ በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩም ሁለተኛ ቀስቅሶ መገበው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ነቢዩ ከተኛና ከበላ፣ አርባ ቀን ተጉዞም ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ በጥያቄው እንጀምርና እንቅልፉንም እንጀራውንም እንረሳለን።

የአእምሮ ጤና ባለሙያ፦ ከሙያዬ አንጻር አንድ ልዩነት ላመልክት። ነገን ማሰብ ሌላ፣ የጭንቀት ሕመም ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጭንቀት ሕመም የሚሠቃዩትን በ301 ሚሊዮን ገምቷል፤ ከእነዚህም ሕክምና የሚያገኙት ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ ናቸው። የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራም የልብ ምት መፍጠን፣ መንቀጥቀጥና መረበሽ ስለሚያስከትል፣ እንዲህ ያለውን ሰው እምነቱን ከመመርመር አስቀድሞ ደሙን መመርመር ያስፈልጋል።

ሌላው ብዙም የማይነገረው ጉዳይ ጸሎት ራሱ የሕመሙ መገለጫ ሊሆን መቻሉ ነው። አንዳንድ ሰው ይቅር መባሉን ለማረጋገጥ ያንኑ ጸሎት ደጋግሞ ይጸልያል፤ ለጥቂት ጊዜ ያርፍና ጥርጣሬው በርትቶ ይመለስበታል። ማርቲን ሉተር በገዳም ሳለ ለንስሐ አባቱ ለዮሐንስ ሽታውፒትዝ ሰዓታት የሚፈጅ ኑዛዜ ያቀርብ እንደ ነበር ይታወቃል። እንዲህ ላለው ሰው «ይበልጥ ጸልይ» ማለት ማረጋጋት ይመስላል እንጂ ፍርሃቱን የሚመግብ ነው። የሚረዳው፣ ጥርጣሬው ሳይፈታም ቢሆን አንድ ጊዜ ጸልዮ ወደ ሥራው መሄድን ቀስ በቀስ መለማመዱ ነው፤ ይህም ራሱ ከፍ ያለ መታመን ይመስለኛል።

ሐሳቡን ያቀረቡት አባል፦ የታመመ አይታከም አላልሁም። ነገር ግን ጭንቀት ሁሉ ሕመም ከተባለ የማቴዎስ ምዕራፍ 6 ለማን ተጻፈ? በገንዘብ ፍቅር የሚጨነቅ ሰው የሚያስፈልገው ንስሐ ነው፤ ኪኒን አይደለም። ጌታም «አስቀድማችሁ መንግሥቱን ፈልጉ» ሲል የኑሮን ቅደም ተከተል እያስተካከለ ነው። ሕክምና ይህን ጥያቄ እንዳይሸፍነው እሰጋለሁ።

ሌላ አባል፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ሆኖም የፊልጵስዩስን መልእክት እስከ መጨረሻው እናንብበው። ጳውሎስ ያን የሰላም ቃል በጻፈበት በዚያው ምዕራፍ፣ በመከራው ስለተካፈሉትና በአፍሮዲጡ እጅ ስለላኩለት ስጦታ ያመሰግናቸዋል። ሰላሙ ብቻውን የተያዘ ሰላም አልነበረም። «እምነትህ አንሶ ነው» የተባለ ሰው ግን ነገ ከሚረዱት ይሸሸጋል፤ በማኅበር መካከል ተቀምጦም ብቻውን ይቀራል።

አወያይ፦ እንግዲያው የንስሐ አባት ወይም መጋቢ የተጨነቀን ሰው ወደ ሐኪም መላክ ያለበት መቼ ነው?

የአእምሮ ጤና ባለሙያ፦ ጭንቀቱ አብዛኛውን ቀን ለወራት ከዘለቀ፣ እንቅልፍ ከነሣው፣ ሥራውን ወይም ቤተሰቡን መምራት ካቃተው ምርመራ ያስፈልገዋል። መድኃኒት ከታዘዘለት ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ በመካከሉ እንዳያቋርጥ ሊያበረታቱት ይገባል። ሞትን እንደሚመኝ ከተናገረ ግን በዚያው ቀን ይወሰድ፤ የሚጸልይለትም ሰው አብሮት ይሂድ።