ቃለ አጋኖ በንግግር ውስጥ፦ የት ይግባ? ስንትስ ይበቃል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። የ5 ደቂቃ ንግግር እየጻፍኩ ነው። ስሜት እንዲኖረው ብዬ «ወይ ጉድ!»፣ «አቤት!»፣ «ወይኔ!» የሚሉትን 8 ቦታ ላይ አስገብቻለሁ። ጮክ ብዬ ሳነበው ግን የውሸት ይመስላል። ችግሩ ብዛቱ ነው ወይስ ቦታው?

ብዕር
ሁለቱም ነው፤ ቦታው ግን ይብሳል። እነዚህን አነጻጽራቸው፦

«ወይ ጭካኔ! ሕፃኑን ጥለውት ሄዱ።»

«በሩን ከውጭ ቆለፉት። ሕፃኑ ውስጥ ነበር። ቁልፉንም ይዘውት ሄዱ። ወይ ጭካኔ!»

በመጀመሪያው ሰሚው ገና ምንም ሳያይ እዘን ትለዋለህ። በሁለተኛው ቁልፉ ላይ ሲደርስ ሆዱ ባብቷል፤ አንተ አፉ ላይ የደረሰውን ነው የምታወጣለት። ለ5 ደቂቃ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ይበቃል። ከዚያ 2 ሰከንድ ያህል ዝም በል። «ይህ እጅግ አሳዛኝ ነው» ብለህ ካስከተልክ ግን ስሜቱን በረዶ ታደርገዋለህ።

ሆሄ
የቃሉ ምርጫም አለ። «ውይ» ለድንገተኛ ትንሽ ነገር ነው፣ ከባድ ሐዘን አይሸከምም። «ወይኔ» ትኩረቱን ወደ ተናጋሪው ይስባል፤ ስለ ሌሎች መከራ ስታወራ ተጠንቀቀው። «ወዮልኝ» ሙሾ ነው፣ «ወዮልህ» ደግሞ ዛቻ፤ የተለወጠችው አንዲት ፊደል ናት! «አቤት» አድናቆትም አቤቱታም ስለሚሆን ስም አስከትልለት፦ «አቤት ትዕግሥት!»

በጽሑፉ ላይ አንድ «!» ይበቃል፣ ከኋላው አራት ነጥብ አይጨመርም። የተገለበጠው «¡» ትእምርተ ስላቅ ነው፤ «እሰይ¡» ብለህ ከጻፍክ ምስጋናህ ሽሙጥ ሆነ ማለት ነው።

አንደበት
የብዕር ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ሁልጊዜ ግን ዝርዝሩ አይቀድምም። የሮም ቆንስል (ከፍተኛ ሹም) የነበረው ተናጋሪ ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ63 በሮም ሴኔት፣ መንግሥት ለመገልበጥ ያሴረውን ካቲሊናን ሲከስ መጀመሪያ ጥያቄ አዥጎደጎደበት። «ወይ ዘመን! ወይ ምግባር!» ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ወዲያው አስከተለ፦ ሴኔቱ ያውቃል፣ ቆንስሉ ያያል፣ ሰውዬው ግን በሕይወት አለ። ጥያቄዎቹ ሸንጎውን አሙቀውት ስለነበር አጋኖው ወደ ክሱ መሸጋገሪያ ሆነለት።

ደግሞ አስበህበት መጻፍህ አያሳፍርህ። የሮማው የንግግር ጥበብ መምህር ኩዊንቲሊያን ከልብ ያመለጠውን ጩኸት ዘይቤ አይለውም፤ ዘይቤ የሚሆነው በጥበብ ሲቀናበር ነው ይላል።

ብዕር
እውነት ነው፣ ጥያቄም ያሞቃል። እንግዲህ ጠያቂያችን፣ 8ቱን አጋኖዎች በእጅህ እየሸፈንክ ከፊታቸው ያሉትን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ አንብብ። ያለ አጋኖው ምንም የማይሰማህ ከሆነ ዓረፍተ ነገሮቹን እንደገና ጻፋቸው።